ዘይነባ አውፍ ያለች ዕለት

ባለፈው ጁምዓ የመስጊዳችን ኢማም ኹጥባ ያደረገው አላህን ስለመፍራት በረከት ነበር። ጢሙ ገና በወጉ ያልሞላ ልጅ ነው፤ ድምፁ ግን ያምራል። አላህን ፈርቶ ኪታቡ ያዘዘውን የፈጸመ ሰው ማሳው እንደሚለመልም፣ ከብቱ እንደሚረባ፣ ያልፈራ ሰው ደግሞ በረከት ከደጁ እንደሚሸሽ እየዘረዘረ አስረዳን። ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ግን፣ ልጄ፣ አንተ ማሳ አታውቅም ልለው ፈለግሁ። የእኔ ማሳ ይኸው ስንት ዓመት አሳፍሮኝ አያውቅም። አላህን ሳልፈራ በያዝሁት መሬት ላይ ሽንኩርቱ ቡጢ ያህላል፣ ማሽላው ሰው ይውጣል።

አባታችን የሞተው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ማሽላው ታጭዶ አፋሮቹ ከብታቸውን ወደ ጨፋ ሜዳ ሣር ማምጣት በጀመሩበት ወቅት ነው። እናታችን ቀድማው ሄዳ ነበር። የቀረነው ሦስት ነን፤ ታላቅ ወንድማችን አሕመድ፣ ሰንበቴ አካባቢ ያገባችው እኅታችን ዘይነባ፣ የመጨረሻው እኔ። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ ነገር ግን የኪታብ ነገር ሲነሳ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነበር። ከነሱ ሁሉ እኔን መርጦ ለሼህ ሰጥቶ ኪታብ ያስቀራኝም ለዚሁ ነው። ሊሞት ሰሞን ጠራኝና፣ “ሰይዶ፣ በዚህ ቤት ፊደል የምታውቅ አንተ ነህ። ኪታቡ እንዳለው ተካፈሉ። የዘይነባን ሐቅ አደራ” አለኝ። “እሺ አባባ” አልሁ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ እሺ ማለት ቀላል ነው።

ያለን ቦርከና ዳር አምስት ጥማድ መሬት ነው። የውርሱን ትምህርት ከሼሁ ዘንድ ቀርቼዋለሁ፤ ለወንድ ሁለት እጅ፣ ለሴት አንድ እጅ። ለአሕመድ ሁለት ጥማድ፣ ለእኔ ሁለት፣ ለዘይነባ አንድ፤ የሚያከራክር ነገር የለውም። በአገራችን ግን ከኪታቡ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ ልማድ ነበር። ሴት ልጅ ሐቅ የለሽም አትባልም፤ ማን ደፍሮ! ሽማግሌ ይሰበሰብና ፊት ይጠራታል፤ እሷም ለወንድሞቿ አውፍ ትላለች፣ ትቼላችኋለሁ፣ ይቅር ብያችኋለሁ ማለት ነው። እምቢ ያለችቱ ወንድሞቿን በመሬት የለወጠች ተብላ ስሟ በየገበያው ይዞራል። የአላህን ቃል በአደባባይ ሳይጥሱ መጣስ የሚቻልበትን ብልሃት ከእኛ ይማሩ።

የአባታችን የአርባው ዱዓ ዕለት ዘይነባ ልጇን አዝላ መጣች። ፍየል ታርዷል። ከጠዋት ጀምራ ጓዳ ስትንጎዳጎድ ዋለች። ከሰዓት በኋላ አጎታችን ሐሰን የሚቅመውን ጫት ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ጠራት።

“ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ኮቱ፣ ነይ እዚህ ቁጭ በይ። ወንድሞችሽ ጋሻሽ ናቸው። ነገ ባልሽ ቢከፋብሽ የምትመለሺው ወደነሱ ነው። አውፍ በያቸውና ዱዓ አድርገን እንነሳ።”

ዘይነባ አቀርቅራ መጥታ ተቀመጠች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ አሕመድን አይደለም፣ እኔን።

“ሰይዶ የቀራ ነው። እሱ ምን ይላል?” አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መልሱን አሳምሬ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ድርሻዋ እጇ ይገባል፤ ከዚያ ወዳ ከሰጠች ሰጠች። ሰው አፍሮ የተወው ሐቅ ከተቀማ ሐቅ አይለይም። ሼሁ ይህን ስንት ጊዜ ነግሮናል። ነገር ግን የአሕመድን ፊት አየሁ። ደግሞስ ለምን እዋሻለሁ፣ የእሷ ጥማድ ከቀረ ግማሹ ለእኔ እንደሚደርስ ልቤ ያውቅ ነበር።

“በፈቃዷ ከተወች ሐራም የለበትም” አልሁ።

ሐሰት አልተናገርሁም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። እንደ አሕመድ ያልተማርሁ ብሆን ዝም እል ነበር፤ እኔ ግን ከተማርሁት ግማሹን አውጥቼ ግማሹን ዋጥሁት።

“ቶሌ” አለች ዘይነባ፣ ይሁን እንደማለት። “አውፍ ብያለሁ።”

“ማሻአላህ! አላህ ይባርክሽ!” አሉ ሽማግሌዎቹ። እሷም ተነስታ ጓዳ ገባችና የፍየሉን ሥጋ በማሽላ እንጀራ ላይ እያደረገች አቀረበችልን። የእኔን ስታስቀምጥ ቀና ብላ አላየችኝም። እኔም በላሁ፤ ሥጋው ጣፍጦኝ ነበር።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ባሏ ሌላ አገባና ፈታት። ወደ ጋሻዎቿ መጣች። አሕመድ ቤት አንድ ወር ተቀመጠች፣ ሚስቱ ማጉረምረም ጀመረች። እኔም ቤት እየሠራሁ ነው፣ ላገባ ነው አልሁ። ልጇን ለአባቱ እናት ትታ ዐረብ አገር ሄደች፤ መሄዷን የሰማሁት ከሄደች በኋላ ከገበያ ሰው ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቤት ጠርጋ ወገቧ ተሰብሮ ስትመለስ፣ ልጁ ጎረምሳ ሆኖ እናቱን እንደ እንግዳ ቆሞ ተቀበላት።

ያኔ ነው የባነንሁት። አሕመድ በጄ አልል ቢለኝ ከራሴ ድርሻ ሙሉ አንድ ጥማድ ቆርጬ፣ ከሚሴ ከተከራየቻት ክፍል ድረስ ሄድሁ።

“ዘይኔ፣ ሐቅሽን ይዤልሽ መጥቻለሁ። ተቀበይኝና አውፍ በይኝ” አልኋት።

“መሬቱን እቀበላለሁ፤ ሐቄ ነው” አለች።

“አውፉስ?”

 አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

“ሰይዶ፣ እኔ አንዴ ሰው አፍሬ፣ ያለ ልቤ አውፍ ብያለሁ። በአላህ ፊት ዋሽቻለሁ። ሁለተኛ ያለ ልቤ አልልም፤ አላህን እፈራለሁ።”

አሁን ማሳዋ ከማሳዬ ጎን ነው። ለዒድ ሥጋ እንላላካለን፤ ስታገኘኝ ሰላምታዋን አታጓድልም፣ የልጆቼን ጤና ትጠይቃለች። የእኔም መሬት እንደ ድሮው ያበቅላል፣ አላህ በእህሌ አልቀጣኝም። ከሦስታችን ለኪታቡ የታዘዘችው ፊደል ያልቆጠረችው እሷ ሆና ተገኘች፤ በረከቱ ምን እንደሆነም ሳያት ይገባኛል፤ ዘይነባ ከአፏ የሚወጣው ከልቧ የተለየ አይደለም፣ ማንንም ቀና ብላ ታያለች። እኔ ይህን አጥቻለሁ። ልጆቼ “ዕድሜያችሁ እየገፋ ነው፣ ሽማግሌ ላክባትና አውፍ ትበልህ” ይሉኛል። ሽማግሌ! ሽማግሌ ያመጣውን አውፍ አንዴ ተቀብዬዋለሁ፤ ምን እንደሚያወጣ አውቃለሁ።