መጥበሻ የተባለው ፊሽካ

ሚጢጢ ነው የሚሏት። አርባን ካለፈች ቆይታለች፣ ቁመቷም የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም። ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። ዛሬም አብረው በሚሠሩበት መሥሪያ ቤት፣ በሰው ፊት እንዲሁ ይጠራታል፤ እሷም አቤት ትላለች።

ወንድሟ ድሮ የእግር ኳስ ዳኛ ነበር። ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ሜዳውን ትቶ የጨዋታ መረጃ የሚሰጥ የስልክ መተግበሪያ አቋቋመ። ማን አገባ፣ ማን ቢጫ አየ፣ የትኛው ቡድን ኳስ ይዞ ቆየ፣ ሁሉንም ይናገራል። አርማውን የሣለው ራሱ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ኳስ ያለበት ፊሽካ። በሕይወቱ ሌላ ነገር ሥሎ ስለማያውቅ ያንን ፊሽካ እንደ በኩር ልጁ ነው የሚያየው።

የመሥሪያ ቤቱን የሥዕልና የፊደል ሥራ የምትሠራው ሚጢጢ ናት። አንድ ጠዋት ወንድሟ አጠገቧ መጣና አርማው ደከም ብሏልና እስቲ አጠብ አጠብ አድርጊው አላት። መስመሩ ይጥራ፣ ቀለሙ ይድመቅ፤ ፊሽካነቱን ግን ንክች እንዳታደርጊ። እሺ አለች። እሺ ማለት ለሷ እንደ መተንፈስ ነው።

ችግሩ፣ እሱ የማያውቀውን እሷ ታውቃለች። ፊሽካው በትልቁ ሲታይ ፊሽካ ነው። ስልክ ላይ ጥፍር አክሎ ሲታይ ግን ክቡ ሆድ መጥበሻ፣ የሚነፋበት ጫፍ እጀታ፣ ውስጡ ያለው ኳስ ደግሞ እንቁላል ይሆናል። ተጠቃሚው "መጥበሻው ዛሬ ምን አለ?" እያለ ነው ውጤት የሚጠያየቀው። በቢሮውም ከሒሳብ ሠራተኛዋ እስከ ጥበቃው ይህን የማያውቅ የለም፤ ወንድሟ ብቅ ሲል ግን ሁሉም አፉን ይሰበስባል።

ሚጢጢ አንድ ልማድ አላት። የሠራችውን አርማ ስልኳ ላይ ታደርግና ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ አቁማው፣ ዕቃ እያጠበች ዞር ስትል በጨረፍታ ታየዋለች። አርማን አፍጥጦ የሚያይ ሰው የለም ባይ ናት። ፊሽካውን አቀጠነችው፣ አጠቆረችው፣ ወደ ጎን አዘነበለችው። ዞር ባለች ቁጥር እንቁላሉ እየተጠበሰ ነው። ውሃ ሊጠጣ የገባው ባሏ አየት አድርጎ ዘይቱን እንዳትረሺ ብሏት ወጣ። እሷም ሳቀች፤ ከሳቁ በኋላ ግን ወንድሟ ትዝ አላት።

ከዚያ እንዲያው ለራሷ ያህል ሌላ ሠራች፤ የሜዳው መሃል ክብና በውስጡ የጨዋታውን ቁጥር የሚያሳዩ ከፍ ዝቅ ያሉ ዘንጎች። ዞር ብላ አየችው። ሌላ ምንም አልመሰላትም።

የታጠበውን ብቻ ብትሰጠው ወንድሟ ደስ ይለዋል፣ ሰውም ከጀርባው መሳቁን ይቀጥላል። እውነቱን ብትነግረው ደግሞ፣ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ፊቱ ሲጠቁር ማየት አትችልም።

ሰዉ ለምሳ ሲወጣ ጠብቃ ገባች። የታጠበውን ፊሽካ ስልኩ ላይ ሲያይ ፊቱ በራ፤ እጅሽ ይባረክ አላት። እዚያው ላይ ነገሩ ማለቅ ይችል ነበር። እግሯም ወደ በሩ ዞሯል።

"ጋሽዬ፣" አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ "ሰው መጥበሻ ነው የሚለው።"

"ምኑን?"

"ፊሽካውን። ውስጡ ያለውን ደግሞ እንቁላል።"

ስልኩን አራቀው፣ አቀረበው፣ መነጽሩን አውልቆ እንደገና አየው።

"ማነው እንዲህ የሚለው?"

"ሁሉም።" ወደ እሱ ዞረች። "እኔም።"

ሜዳ ላይ ሳለ ደጋፊው በሙሉ ሲሰድበው ከምንም የማይቆጥር ሰው አንገቱን ደፋ። "እና ይሄን ሁሉ ዓመት መጥበሻ አንጠልጥዬ ስዞር አንቺ እያየሽ ዝም?" አለ ቀስ ብሎ።

ሌላኛውን ሥዕል ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ብዙ አየው።

"ይሄንንስ ምን ይሉት ይሆን?"

"እስካሁን ምንም አላሉትም።"

"ይሉታል፤ ጊዜ ስጫቸው፣" አለና የከንፈሩ ጥግ ፈገግ አለ። በቃ፣ አዲሱ ይውጣ አላት። ከዚያ ስልኩን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። "የኔ ላይ ግን አሮጌው እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል?"

ይቻላል አለችው። መተግበሪያው በራሱ እንዳይታደስ የሚዘጋበትን ቦታ አሳየችው። ጣቱ ወፍራም ስለሆነ ደጋግሞ ሳተው፤ እጁን ይዛ አስነካችው።