ከአዴር ዩሱፍ ጓሮ የወረደው አፈር

ትናንት ከሰዓት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር በራችንን አንኳክቶ ሮማን የሞላ ፌስታል ሰጠኝ። «ሆዳን ናት የላከችው። ‹ወተት ነው በላት› ብላኛለች» አለና ሳቀ። ሮማን ወተት ሲባል ሰምቶ አያውቅ ይሆናል። እኔ ግን ገባኝ። ፌስታሉን እንደያዝኩ በረንዳው ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ሐሳቤ ወደ ካራማራ ግርጌ፣ ወደዚያ ዳገት ሽቅብ ሄደ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት እጠብቅ ነበር። የተከራየናት ቤት ዳገቱ ላይ ነበረች። ከእኛ በላይ አዴር ዩሱፍ ከልጃቸው ከሆዳን ጋር ይኖራሉ። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ እዚያ ሰፈር ትልቅ ሰው በስሙ ብቻ አይጠራም። በዘነበ ቁጥር ከእሳቸው ጓሮ ቀይ ጎርፍ ይወርድና እኛ አጥር ሥር ደለሉን ጥሎ ያልፋል። እማዬ ደለሉ ላይ ቃሪያና ቆስጣ ተከለች። ከወሎ ከወጣች ወዲህ የእኔ የምትለው መሬት ኖሯት አያውቅም። ማለዳ ተነስታ አፈሩን በጣቶቿ ስትፈረፍር ፊቷ የወጣት ሴት ፊት ይሆናል። እኔ ደጃፍ ተቀምጬ፣ እርጥቡ አፈርና የቃሪያው ቅጠል እየሸተተኝ፣ ጠዋቱ ባያልቅ እያልኩ አያታለሁ። እንደዚያ ያለ ጠዋት ዛሬ ከየት ይመጣል?

አንድ ቀን ቃሪያ ይዤ ወደ አዴር ዩሱፍ ወጣሁ። ሟች ባለቤታቸው የተከለችው ሮማን ሥሩ ተራቁቶ፣ እንደ ሽማግሌ እጅ ጅማቱ ወጥቶ ወደ እኛ ቤት አዘንብሏል። ሻሂ በግመል ወተት ቀዱልኝና ዛፉን እያዩ፣ «ከራን ሲገባ ትወድቃለች» አሉ። ከራን የሚሉት የክረምቱን ዝናብ ነው።  እማዬ የተከለችበት ደለል ከዚያ ሥር የታጠበ አፈር መሆኑ ያኔ ገባኝ።

ለእማዬ ስነግራት ተቆጣች።

«አፈሩን እኔ ጠራሁት? ዝናብ ያመጣውን!»

«አንቺማ ምን አደረግሽ። ግን ዛፏ...»

«ተይኝ በቃ!»

ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ። በማግስቱ ጠዋት ግን ግማሹን መደብ ነቅላ፣ አፈሩን በጆንያ ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ አገኘኋት።

አዴር ዩሱፍ ጆንያውን አዩ። ከዚያ ሂና የነካውን ጢማቸውን እያሻሹ ሳቁ።

«አስካለ እህቴ፣ ይሄ ባዲ ነው። የጠፋ ከብት እኛ ጋ ባዲ ይባላል። ያገኘ ሰው ይጠብቃል፤ ባለቤት ሲመጣ ይመልሳል። ሲጠብቅ የጠጣው ወተት ግን የራሱ ነው። ቃሪያው ወተትሽ ነው፤ ምንም የለብሽም።»

«ወተቱንስ ጠጥቻለሁ» አለች እማዬ ላቧን እየጠረገች። «አሁን ላሟን እናስራት እንጂ፤ ነገም ትጠፋለች።»

አሰርናት። ድንጋይ እየለቀምን ዳገቱን አግድም የሚያቋርጥ ካብ ሠራን፤ ከካቡ ጀርባ አፈሩን መለስን፤ ጥግ ጥጉን ሬት ተከልን። እማዬ በአገሯ እንዳየችው እያለች ታዛለች፣ አዴር «እሺ አለቃ» ይላሉ፣ ሆዳን ላሆ የሚሉትን ስስ ቂጣ በስኳር ታቀርባለች። እነዚያ ቀናት አሁን ሳስባቸው ያየኋቸው ሳይሆን ያለምኳቸው ይመስሉኛል።

ከራን ገባ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል እማዬ በሩ ላይ ቆማ ጎርፉ የሚወርድበትን ቦይ ታያለች። ውሃው ወረደ፤ ቀይ አልነበረም። ቀና ስንል ሮማኗ ቆማለች። እማዬ ያን የጠራ ውሃ እያየች አለቀሰች። ደስ ብሏት ነበር፤ ግን አፈሩ ዳግመኛ እንደማይመጣላትም ታውቃለች። አቀፍኳት።

ሮማኗ ስታፈራ ሆዳን አንድ ሳፋ ይዛ ወረደች። «አባቴ ‹የጠባቂዋ ወተት ነው› ብሏል» አለች። ከዚያ ወዲህ ቀርቶብን አያውቅም።

አዴር ዩሱፍ አርፈዋል። እኛም ሜዳ ላይ ያለ፣ ግቢው ሲሚንቶ የሆነ ቤት ገብተናል። አንዳንዴ አስባለሁ፤ እማዬ ያን አፈር ባትመልሰው ኖሮ ምን ይተርፈን ነበር? የሁለት ክረምት ቃሪያ።

ትናንት ሮማኑን ለእማዬ ይዤላት ገባሁ። ጉልበቷ ዛሬ ዳገት አይወጣም። አንዱን ፈልፍላ ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች።

«ሆዳን ካቡን ጠብቃለች፤ አፈሩን ይዛዋለች» አለች። ከዚያ የቀረውን ፍሬ መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝ።

«እንኪ፣ ጠጪ።»