ኑሩ ሰላይ አልነበረም

ለወራት ዝግ የነበረው የመርሳ ከተማ ስልክ ዛሬ ሠራ። የጓደኛዬ የኑሩ እህት ዘሃራ ስትደውል በደስታ ነው ያነሳሁት።

"ኑሩን አቅርቢልኝ እስኪ" አልኳት።

"ኑሩ የለም።"

"የት ሄደ?"

እውነት እላችኋለሁ፣ የት ሄደ ብዬ ጠየቅኳት። አሁንም አልገባኝም።

ገድለውታል።

እሱ ሳያንስ አንዱ እዚህ የተለጠፈው ፎቶው ሥር "ሰላይ ነበር አሉ" ብሎ ጽፏል። አሉ! ማነው ያለው?

እኔ ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ነበርን። ኤሌክትሪካል ምህንድስና ጨርሶ፣ የአዲስ አበባ ሥራ ትቶ መርሳ ወዳለችበት ወደ ትውልድ ወረዳው ሀብሩ ተመለሰ፤ የገበሬውን የመስኖ ፓምፕ ሊጠግን። አንድ ዕቃ "አለቀለት" ስንለው "መጀመሪያ ፍታው፣ ከዚያ ፍረድ" ይለን ነበር።

ለደስታው ደግሞ ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። አንድ ቅዳሜ ሲሪንቃ አካባቢ ስናበራት የአንድ አዛውንት ማሽላ ውስጥ ወደቀች። ሊቆጡን ነው ብለን ስንፈራ፦

"አንተ ልጅ፣ ይቺ ነገር ወፍ ታባርራለች?"

"ታባርርልዎታለች፣ አባባ።"

"እንግዲያው ነገም ይዘሃት ና!"

ሄደ። ማሽላው እስኪታጨድ ወፍ ሲያባርርላቸው ከረመ።

ጦርነቱ መጥቶ መብራት ሲጠፋ ሶላሩን ግቢ አውጥቶ የጎረቤቱን ሁሉ ባትሪ ይሞላ ጀመር። ዘሃራ እንደነገረችኝ፣ የታጠቁ ሰዎች በጠራራ ፀሐይ ገብተው ሽቦውንና አውሮፕላኗን አገኙ።

"ለማን ነው መረጃ የምታቀብለው?"

"ካሜራ እንኳ የላትም፤ ቆይ ፈትቼ ላሳያችሁ" አላቸው።

እናቱ እግራቸው ላይ ወደቁ። "በአላህ! የወፍ ማባረሪያ ናት፤ ገበሬውን ጠይቁ!"

ማንም አልጠየቀም። እጁን አስረው ወሰዱት፤ ከአስፋልቱ ማዶ ተኮሱበት። ጥቂት ሽማግሌዎች ሰግደውበት ቀበሩት።

ሽቦ መያዝ ያስገድላል? ጠመንጃ የያዘውን "ለምን ያዝክ?" የሚለው በሌለበት አገር፣ ፓምፕ የሚጠግን ልጅ ነው የሚረሸነው?

አንተ "አሉ" ብለህ የጻፍከው፣ አሁኑኑ አጥፋው። እናቱ ማንበብ አይችሉም። ዘሃራ ግን ታነባለች።

ኑርዬ፣ አንተ ቂም አታውቅም ነበር። እኔን ግን ዛሬ "ይቅር በል" እንዳትለኝ፤ አልችልም። አላህ በጀነት ያኑርህ። ደህና ሁን፣ ወንድሜ።