ልትወስደኝ የመጣችው መምህርት

ባለፈው ጀሞ ከሚገኘው የልጄ ኮንዶሚኒየም ወደ ሐኪም ቤት ልሄድ ስል ልጄ በስልኳ መኪና ጠራችልኝ፤ ሾፌሩ ደውሎ «ፋዘር፣ ፒክ አፕ ቦታዎ የት ጋ ነው?» ቢለኝ ደረጃው ሥር ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። እኔ የምስቅ ሰው ስላልሆንኩ ልጄ ደነገጠች።

«ፒክ አፕ» የሚለውን ቃል የተማርኩት በደርግ ጊዜ፣ ነፋስ ስልክ፣ ጢሜ ከበቀለ በኋላ ነው። ቀን እህል መጋዘን ኩንታል ስሸከም እውልና አመሻሽ ላይ ማታ ትምህርት ቤት ገብቼ ለሕፃናት በተሠራ ዴስክ ጉልበቴን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ክፍል መቁጠር ነበረብኝ፤ አለዚያ ወገቤ እስኪቆረጥ ኩንታል ሥር መቅረቴ ነው። እንግሊዝኛ የምታስተምረን መምህርት ዘውድነሽ ልጅ የምትተውለት ዘመድ ስላልነበራት ትንሹን ልጇን አቤልን ይዛ የምትመጣ ቀጭን ሴት ነበረች፤ ቃል በእጅ ካልተሠራ አይገባም ባይ ናት።

አንድ ቀን «ፒክ አፕ»ን ሰሌዳው ላይ ጻፈችና፣ ብዙ ትርጉም እንዳለው ነግራን፣ ከመሬት ማንሳት ከሚለው ልትጀምር እኔን አስነሳች። እኔ የማውቀው ፒክአፕ የአለቃችንን መኪና ብቻ ነው። መሬት የጣለችውን ጠመኔ አነሳሁ። «አሁን ደግሞ አቤልን አንሳው» አለችኝ። ሸክሙን ራሱ የሚያነሳ ኩሊ የለም፤ ቁጢጥ ብሎ ጀርባውን ይሰጣል፣ ጓደኞቹ ይጭኑበታል። ልማድ ክፉ ነው፤ ለሕፃኑ ጀርባዬን ሰጥቼ ቁጢጥ አልኩና «አሸክሙኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ጓድ፣ ልጅ እኮ ነው፣ ጤፍ አይደለም!» አለ ከኋላ አንድ ልብስ ሰፊ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኮቴን አንስቼ ወጣሁ፤ ዳግም ላልመለስ ማልኩ።

ጥቂት ቀን ሰንብቶ፣ ዝናብ በዋለበት ቀን፣ ከሥራ ልንወጣ ስንል ልጇን አዝላ ከምትኖርበት ከመካኒሳ አቦ በእግሯ መጥታ መጋዘኑ በር ላይ ተገተረች። «ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አልኳት፤ በወጉ አንቱ እንኳ አላልኳትም።

«ያልተማርከው ትርጉም አለ። ሰውን ካለበት ሄዶ መውሰድ። ልወስድህ መጣሁ።»

ይኼኔ አቤል ከጀርባዋ ወረደና ጀርባውን ሰጥቶኝ ቁጢጥ ብሎ «አሸክሙኝ!» አለ። ኩሊው ሁሉ ተንከተከተ፤ እኔም አልቻልኩም።

«ይኸው ሌላው ትርጉም» አለች፤ «ማንም ሳያስተምርህ ቋንቋ ከሰው አፍ መልቀም። የለቀመው ካንተ ነው።»

ልጁን በደረቴ አቅፌ ተከተልኳት። ፈቃዱንም አወጣሁ፣ ዓይኔ እስኪደክም በከባድ መኪና እንጀራ በላሁ። ያ ትምህርት ቤት ዛሬ የለም፤ እሷም አቦ ስትቀበር አስከሬኗን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ አብዛኛው አላስደነቀኝም። እሷን ግን እስካሁን የሚያህልብኝ አላገኘሁም።

የጀሞው ሾፌር ክላክሱን ነፋ፤ ከመኪናውም አልወረደ። «ፋዘር፣ ፈጠን ይበሉ እንጂ፣ እዚህ መቆም ክልክል ነው!» አለኝ በመስኮት። ጉልበቴን ይዤ ወደ መኪናው አዘገምኩ።

እሷ ያን ቀን የእህሉን አቧራ ታጥቤ እስክወጣ ጭቃው ላይ ቆማ ጠብቃኛለች።