ባትሪው ሳያልቅ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር

ባለፈው ሳምንት ቴፒ ላይ አነስ ያለ የጎዳና ሩጫ ነበር። እኔም ከዳኞቹ አንዷ ሆኜ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆሜ ነበር። ሦስተኛ ሆና የምትመጣ አንዲት ወጣት እኔ ጋ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ድንገት ቆመች። አሟት መስሎኝ ሮጥ ብዬ ሄድኩ። ክንዷ ላይ ያሰረችውን የሩጫ ሰዓት ታራግፋለች፣ ደግሞ ቁልፉን ደጋግማ ትጫናለች።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ባትሪው አለቀ! ከአሁን በኋላ አይቆጥርልኝም» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እግርሽ መቼ አለቀ? ሂጂ!» ብዬ ትከሻዋን ገፋ አደረግኳት። ሄደች። አምስተኛ ሆና ገባች።

ወደ ሚዛን ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ሥር ተቀምጬ ነገሩን ሳሰላስለው፣ ያቺን ልጅ ለመቆጣት እኔ የመጨረሻዋ ሰው መሆኔ ታወቀኝ። በእሷ ዕድሜ ሳለሁ የእኔም ዕድል በአንድ አሮጌ ሰዓት ባትሪ ላይ የተንጠለጠለበት ሳምንት ነበር።

ሃያ ዓመቴ ነበር። የተወለድኩት ሸዋ ቤንች አካባቢ ነው። ወላጆቼ ቡናና ጎደሬ ያመርታሉ፤ ቤት ውስጥ የምናወራው በቤንችኛ ነው። አማርኛዬን ያቀናሁት ሚዛን ተፈሪ ለትምህርት ከመጣሁ በኋላ ነው፤ ሩጫም የጀመርኩት እዚያው ነው። ያስጀመሩኝ የስፖርት መምህራችን መምህር ደምሴ ናቸው። ከጎጃም መጥተው እኛ አገር የቀሩ፣ ቀጭን፣ ቁጣቸው ቅርብ የሆነ ሰው ነበሩ። ትምህርቴን ጨርሼም አልተዉኝም። ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ እንድገኝ ያዙኝ ነበር፤ ከዘገየሁ ደግሞ እሳቸው እኔ የተከራየሁበት ቤት በር ላይ ይገኛሉ።

አንድ ቀን አዲስ አበባ ካለ የአትሌቲክስ ክለብ ስልክ ተደወለላቸው። ክለቡ ሴት ሯጮች ይፈልጋል፤ እኛ ያለንበት ድረስ መጥቶ ለማየት ግን አይችልም። ስለዚህ ግማሽ ማራቶን፣ ማለትም ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ከመቶ ሜትር፣ ከአንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ በታች የሮጠች ልጅ ካለቻቸው፣ በጂፒኤስ ሰዓት የተመዘገበውን ሩጫ በኢሜይል እንዲልኩ ነገሯቸው። የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነበር።

ሰዓቱ ነበረን። አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ልኮላቸዋል። ማሰሪያው ተበጥሶ መምህር በብስክሌት የውስጥ ጎማ ቀጥለውታል። ከሳተላይት ጋር እየተገናኘ የሮጥሽበትን መንገድ፣ ርቀቱንና ፍጥነቱን ይመዘግባል። በዚያን ጊዜ ሚዛን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ስለነበር፣ አስሬው ስወጣ ሰው እጄን ይዞ ያገላብጠኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሮጥኩ። ጥቅምት ነው፤ ቡናው መቅላት ጀምሯል፤ ዝናቡ ግን ገና አልወጣልንም። ያኔ አስፋልት አልነበረም፤ ሌሊት ሲዘንብበት ያደረ ቀይ መንገድ ጫማ ላይ እየተለጠፈ እግር ያከብዳል። ቢሆንም ጥሩ ቀን ነበር። ትንፋሼም እግሬም እሺ አሉኝ። ዐሥራ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ክንዴን ቀና አድርጌ ሳይ ሰዓቱ ጠቁሯል።

አልቆምኩም። ፊቱ ብቻ ጠፍቶ ከሆነ ሩጫው እስከ መጨረሻው ይቆጠርልኝ ይሆናል ብዬ የቀረውን ጨረስኩ። መምህር በእጅ ሰዓታቸው ይዘውልኝ ነበርና አንድ ሰዓት ከሃያ አራት ደቂቃ ከምናምን አሉኝ። ተቃቅፈን ዘለልን። ቤታቸው ገብተን ሰዓቱን ቻርጅ ላይ ሰክተን ስንከፍተው ግን ውስጡ ባዶ ነበር። ሩጫው ሳይቀመጥ ስለጠፋ ዐሥራ ሰባቱም ኪሎ ሜትር አብሮ ጠፍቷል። መምህር «በወረቀት ጽፌ ማኅተም ባስመታስ?» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ራሳቸው «አይቀበሉኝም» ብለው ተነሡ።

ሰኞ ከድር ጋ ሄድኩ። ከድር ገበያው አፍ ላይ ሞባይል የሚጠግን፣ ወላጆቹ ከስልጤ መጥተው ሚዛን የሱቅ ንግድ የያዙ፣ የክፍል ጓደኛዬ ነበር። ሰዓቱን በትንሿ መፍቻው ከፈተውና በአጉሊ መነጽር አየው።

«ባትሪው አርጅቷል ዘነቡ» አለኝ። «አብጧል። የሚቀይረውም እዚህ አገር አይገኝም። ዕድሜ ልጨምርለት አልችልም፤ ግን ያለውን እንዳያባክን ላደርገው እችላለሁ።»

መብራቱን አጠፋው። በየኪሎ ሜትሩ የሚጮኸውን ድምፅ አጠፋው። የልብ ምት የሚቆጥረውን አጠፋው። በየሰከንዱ ይመዘግብ የነበረውን በየጥቂት ሰከንዱ እንዲሆን አደረገ። ከዚያ ሙሉ ቻርጅ አድርጎ፣ ሩጫ አስጀምሮ፣ የሱቁ ጣሪያ ላይ አስቀመጠውና ጠበቅን። ደንበኞች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ እሱ በየመሃሉ መሰላል እየወጣ ያየዋል። ሰዓቱ የሞተው በአንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ ነው።

ክለቡ የሚፈልገው ከሃያ አምስት በታች ነው። እኔ በሕይወቴ የሮጥኩት ፈጣኑ ሃያ አራት ነው። ሰዓቱ የሚኖረው ሃያ ሁለት ነው።

ከድር ፊቴን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፤ ሞተሬ ላይ ላስረውና መንገዱን በሩጫ ፍጥነት ልንዳው። ሃያ ላይ እጨርሰዋለሁ። ውሸት አይሆንም እኮ፤ አንቺ እሑድ ሮጠሽዋል!»

አልደብቅም፤ ልቤ ከጅሏል። እውነትም ሮጬዋለሁ፤ ያልመዘገበው የእኔ ጥፋት አይደለም። ግን ክለቡ ቢቀበለኝ አዲስ አበባ ገብቼ በመጀመሪያው ልምምድ ከሌሎቹ ጋር ስሰለፍ ታየኝ።

«እዚያ ስደርስ የሚሮጠው ሞተርህ አይደለም ከድሬ» አልኩት። ሳቀ፤ ዳግመኛም አላነሣውም።

ለመምህር ስነግራቸው አልተቆጡም፣ አላዘኑም። ወረቀት አወጡና ማካፈል ጀመሩ። «አንዱን ኪሎ ሜትር በሦስት ደቂቃ ከሃምሳ ሦስት ሰከንድ። በየኪሎ ሜትሩ ሰባት ሰከንድ ብቻ ነው የምትቀንሺው» አሉኝ።

«ሰባት ሰከንድ ብቻ!» አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

«ብቻ ነው። ሐሙስ እንሮጣለን። እስከዚያ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ።»

ረቡዕ ግን ሚዛን መብራት ሄደ። የከድር ጄኔሬተር ከተበላሸ ወር አልፎታል፤ ሰዓቱ ደግሞ ተዘግቶ እንኳ ቢቀመጥ ባትሪው በራሱ ይወርዳል። ከድር ቴፒ ሱቅ ያላት እኅቱ ጋ ደወለና እዚያ መብራት እንዳለ ሰማ። ቻርጅ አድርጎ ወደ ሚዛን ማምጣቱ ዋጋ የለውም፤ መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ የምሮጠው ቴፒ እንዲሆን ወሰንን።

ሐሙስ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እናቴ በላከችው የተቀቀለ ጎደሬና ሙዝ ከረጢቴ ተሞልቷል። መምህርና ከድር በሞተር ሳይክል ከኋላ ይመጣሉ። መንገዱ ወደ ቴፒ ሲወርድ አየሩ እየሞቀ፣ የተፈለፈለ ቡና የጎመዘዘ ሽታ በመስኮቱ እየገባ ይሄዳል። ቴፒ ስንደርስ ከድር ሞተሩን እንዳቆመ እኅቱ ከሱቋ ወጥታ «አሁን ገና ጠፋ!» አለችን።

ደረጃው ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። መብራቱ የመጣው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱ ሞልቶ የተነቀለው አምስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች፤ ከመሬቱ ላይ እንፋሎት ይነሣል።

«በዚህ ሙቀት አይሆንም» አሉ መምህር። «ዐሥር ሰዓት ላይ ትሮጫለሽ።»

«እስከዚያ መብራቱ ድጋሚ ቢሄድስ? ባትሪውም ይወርዳል።»

«ዘነበች፤ ትወድቂያለሽ!»

«እወድቃለሁ ይሆናል መምህር። ግን አሁን ነው የምሮጠው።» እንዲህ ብዬ መልሼላቸው አላውቅም። ለራሴም ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ትንሽ አዩኝና ጎንበስ ብለው የጫማዬን ማሰሪያ ራሳቸው አጠበቁልኝ።

የመረጡት የቡና እርሻውን ዳር ይዞ የሚሄደውን ገላጣ መንገድ ነው። ሰዓቱ ቻርጅ ሲደረግ በሞተሩ ቆጣሪ ለክተው ከዐሥር ተኩል ኪሎ ሜትር ትንሽ አልፎ ድንጋይ አስቀምጠዋል፤ ድንጋዩን ዞሬ ወደ ተነሣሁበት እመለሳለሁ። የዛፍ ጥላ ሥር ብገባ ሰዓቱ ሳተላይት ፍለጋ ባትሪ ስለሚጨርስ ጥላ የሚባል ነገር እንዳይነካኝ አስጠነቀቁኝ። «ሰዓቱንም እንዳታዪ። እኔ እነግርሻለሁ» አሉ።

ሮጥኩ። የመጀመሪያውን አምስት ኪሎ ሜትር አላስታውስም። ትዝ የሚለኝ ግራና ቀኝ ሽቦ አልጋ ላይ ቡና የሚያገላብጡ ሴቶች ቀና ብለው ማየታቸው ነው፤ አንዷ በሸክኛ መሰለኝ የሆነ ነገር ጮኸችልኝ፤ ትርጉሙን ባላውቅም ሰድባኝ እንዳልሆነ ድምፅዋ ይናገራል። ዐሥረኛው ላይ መምህር ከሞተሩ ኋላ «ሠላሳ ዘጠኝ! ዐሥር ሰከንድ ዘግይተሻል፤ ያዢው!» አሉ። ከድር በጎኔ እየነዳ ውኃ አፈሰሰልኝ። ድንጋዩን ዞርኩ።

ዐሥራ አምስተኛው ላይ የእሑዱ ሩጫ ጭኔ ውስጥ ተነሣ። እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ። የመንገዱ ጫፍ ይርገበገባል። መንገዱ ዳር አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፤ ሥሩ ጥቁር ጥላ፣ ቀዝቃዛ ጥላ። አምስት እርምጃ ብቻ በጥላው ብሄድ ምን ይሆናል ብዬ ወደዚያ አዘነበልኩ።

«ከፀሐዩ አትውጪ!» ብለው መምህር ጮኹ። ድምፃቸው ተሰንጥቆ ነበር። ዘወር ስል ኮፍያቸውን አውልቀው እሳቸውም ፀሐዩ ላይ ባዶ ራሳቸውን ተቀምጠዋል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ ገብቶኛል። ወደ መሃል መንገድ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። መምህር ቁጥር ይጠራሉ፣ እኔ እከተላለሁ። «አንድ ሰዓት ከዐሥራ ስድስት! አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ቀርቶሻል!» ቴፒ ቆርቆሮ ጣሪያዎቿ ታዩኝ። እኔ ሰዓቱን ማየት ፈርቼ፣ ሞቶም ከሆነ ሳላውቅ ልጨርስ ብዬ ክንዴን ወደ ሆዴ አጥፌ ሮጥኩ። የከድር እኅት መስመሩ ላይ ቆማ እጇን ታወዛውዛለች። አለፍኳትና በአውራ ጣቴ ቁልፉን ተጫንኩ፤ ከዚያ ነው ያየሁት። ሰዓቱ በሕይወት ነበር። አንድ ሰዓት ከሃያ አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ስድስት ሰከንድ። የባትሪው ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል። ሩጫው ተቀምጧል የሚለው ጽሑፍ መጣና እያነበብኩት ሰዓቱ ጠቆረ።

ሱቁ ወለል ላይ ተጋደምኩ። ሰዓቱን ሰኩት። ለሃያ ደቂቃ ያህል ምንም ሳያሳይ ቆየ፤ ከድር ጥፍሩን ይበላል፤ መምህር ውጭ ይንጎራደዳሉ። በመጨረሻ ተከፈተ። ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ሩጫ ብቻ ነበር፤ ሃያ አንድ ነጥብ አንድ ኪሎ ሜትር። ከድር እኅቱ ሱቅ ያለው ኮምፒውተር ላይ ገልብጦ ለክለቡ ላከው። የሮጥኩበትን መንገድ ካርታ ሲያሳየኝ ቀጭን ቀይ መስመር ነበር፤ ዋርካው አጠገብ ትንሽ ጎበጥ ትላለች።

መልሱ በሁለተኛው ሳምንት መጣ፤ ነይ አሉኝ። አራት ዓመት ከክለቡ ጋር ሮጥኩ። ስሜን የሚያውቅ ብዙ ሰው የለም። ሁለት ጊዜ ሦስተኛ ወጥቻለሁ፤ ከዚያ የተረከዜ ጅማት ተጎዳና ተመለስኩ። ከድር ዛሬ ሦስት ልጆች አሉት፤ ትልቅ ሱቅም ከፍቷል። መምህር ደምሴ ጡረታ ወጥተው ጎጃም ወንድሞቻቸው ጋ ናቸው፤ በየበዓሉ እደውላለሁ፤ ከሰላምታ በፊት «ስንት ኪሎ ሜትር ሮጥሽ?» ይሉኛል።

እኔም ስፖርት አስተማሪ ሆኛለሁ። ተማሪዎቼ ያን ቀን እንዴት ሦስት ደቂቃ ያህል እንደቀነስኩ ሲጠይቁኝ ረጅም መልስ ስሰጣቸው ኖሬያለሁ፤ ስለ አመጋገብ፣ ስለ እረፍት፣ ስለ ልምምድ። እውነቱ ያ አይደለም። ባትሪው ጤነኛ ቢሆን ኖሮ የእሑዱ ሩጫ ይላክ ነበር፤ እኔም ከዚያ በላይ አቅም እንደሌለኝ አምኜ አዲስ አበባ እገባ ነበር። ክለቡ የጠየቀኝ ሃያ አምስት ነበር፤ የእኔ ልክ የመሰለኝ ሃያ አራት ነበር። ከዚያ በታች እንደምችል የነገረኝ ማንም አልነበረም፤ በእኩለ ቀን ፀሐይ፣ በደከመ እግር ሮጬ ነው ያወቅሁት።