ከውሻ የተቀማ እዝን

ባለቤቴ ጎንደር ሊታከም እንደሄደ ማረፉን ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ቤታችን መጥተው ካረዱኝ ቀን ጀምሮ፣ ውሻችን አንበሳ ከደጅ ተጋድሞ እህል እምቢ አለ። በሦስተኛው ቀን አንጀቴን በላውና ጎረቤቶች ካመጡት እዝን ሥጋ ወጥ በሳህን አቀረብሁለት። አሽትቶ አፉን ሊያስገባ ሲል፣ ከሽንፋ የመጡ የማላውቃቸው ሽማግሌ ገበሬ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ገቡ። ውሻውን ሲያዩ ልቅሷቸውን አቋርጠው ሮጡና ሳህኑን ነጠቁት።



«አባ፣ ምግብ ሞልቶ ከውሻ ይሻማሉ?» አለች ጎረቤቴ። እኔም በንዴት ተነሣሁ። ስንት ቀን ጦሙን ያደረ እንስሳ ነው!

«ሽንኩርት አለበት!» አሉ ሳህኑን ወደ ላይ ይዘው። «ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻል። ወጥ አብልቼ ልገድለው የነበረውን ውሻዬን፣ በሞተር ሳይክል ሽንፋ ድረስ መጥቶ ያዳነልኝ የእንስሳት ሐኪም ነው ያስተማረኝ። የማንን ለቅሶ ልደርስ የመጣሁ መሰላችሁ?»

ለእኔም ስንቴ ነግሮኝ ነበር፤ ሐዘኑ አስረሳኝ። ከመርዶው ወዲህ ያን ጊዜ ገና ቀና ብዬ ተቀመጥሁ። ሽማግሌው ደረቅ እንጀራ ቆርሰው ሰጡት፤ አንበሳም በላ።

ስትጸልዩ ያንን ሐኪም አስቡልኝ። የክርስትና ስሙ ገብረ ሥላሴ ነው።