ስትቆም የመድኃኒቱ፣ ስትወድቅ የጾሙ

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ልጄ አስካለ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ እኔ ግን ፍልሰታ በገባ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል።

ያኔ ገና ልጅ ነበረች። ዳገት ስትወጣ ትቀመጣለች፤ ውሃ ስትቀዳ ታርፋለች። የባለቤቴ እህት፣ "ይህቺ ሙሽራ ሆና ነው የተወለደችው" እያለች በጎረቤት ፊት ትስቅባት ነበር።

ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ አንድ ሰው የጉልበት ኪኒን ይሸጥ ነበር። ወደ እሱ የወሰደችን ይህችው የባለቤቴ እህት ናት። ሰውዬው አንዷን ለልጄ በነጻ ሰጣትና ነገ አምጧት አለ። ማታ ጾሟን ከፈታች በኋላ ዋጠች። ዓይኗን ሳትከድን በርበሬ ስትቀነጥስ አደረች። እኔም ተመስገን አልኩ።

በማግስቱ ወደ ቅዳሴ ስንሄድ ሰውዬው ጠርቶ ሰው መሀል አቆማት። ውሃ የሞላ የላምባ ጣሳ አሸክሞ አደባባዩን ዙሪ አላት። ዞረች። ሰው አጨበጨበ። ማስረጃ የምትሉ፣ ይኸው አላቸው። ደግሞ ዙሪ አላት። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። እህል ውሃ አልቀመሰችም፣ ይብቃት ብዬ ብለምነው፣

"እሜቴ፣ ልጅዎ ስትበረታ ይከፋዎታል?" አለኝ። ሰው ሳቀ።

ከነጣሳው ወደቀች። ሰውዬው ውሃው እንዳይነካው እግሩን አነሣና፣

"ይህ የጾሙ ነው፤ መድኃኒቱን አትውቀሱ" አለ።

ስትቆም የመድኃኒቱ፣ ስትወድቅ የጾሙ። ልጄ መሬት ላይ ተዘርግታ ሰዎች በላይዋ እጃቸውን እየሰደዱ ይገዙ ነበር። የባለቤቴም እህት ገዛች።

ጫት ልትሸጥ ከሶፊ የመጣች አንዲት ሙስሊም ባላገር ጫቷን ከአህያዋ አውርዳ ልጄን ጫነቻት። ጫቱ ፀሐይ ላይ ቀረ። ይጠወልግብሻል ብላት፣

"ጫት ነገም ይቀነጠሳል፣ እህቴ። ልጅቷን ደግፊያት" አለች። እስከ ሐኪም ቤት አህያዋን እየሳበች አደረሰችን።

ሐኪሙ የልጄን የዓይን ቆብ ገልጦ አየ። ደም የላትም፣ የሆድ ትል ጨርሷታል አለ። ስለ ኪኒኑ ስነግረው እንቅልፍ ያባርራል እንጂ ደም አይሆንም አለኝ።

"በሬ በጅራፍ ስለሄደ በረታ ይባላል?" ብሎ ጠየቀኝ።

አክሞ አዳነልኝ።

ስወጣ ሴትዮዋ ሄዳለች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። ያ ኪኒን ሻጭ ግን ከርሞም እዚያው ነበር። "ጣሳ ተሸክማ የዞረችዋን ልጅ አላያችሁም?" እያለ ይሸጥ ነበር፤ መውደቋን አያነሣም።

ለእሱ ቃል የለኝም። ለዚያች ሴት ግን በየፍልሰታው እመቤቴን፣ "ጫቷ የጠወለገባትን አስቢልኝ" እላታለሁ። ስሟን እመቤቴ ታውቀዋለች።